የቀኙ ትከሻ

ሁለት ቁስል ነበረው፣ የቱፋ ገልቹ ዳማ፤
አንዱ በግራ ትከሻ፣ አንዱ በቀኝ የደማ።
ብሎኬት ከነሲሚንቶው፣ ከፍራንኮ መናኸሪያ፣
ጠፍሩ ሲልጠው ከርሞ፣ ለዝንብ ሆኖ ማደሪያ።

«ሐኪም ነሽ አሉኝ» አለኝ፣ ባርኔጣውን አንስቶ።
አይደለሁም። የእኔ ሥራ ቅጠል መሰለቅ ነው፣ ነፍቶ
ሦስት ቀን በአልኮል መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ ማትነን በለዘበ እሳት፣
ከአንድ ማዳበሪያ ቅጠል፣ ጭላጭ የምታህል ቅባት።

ከዚያ ጀርም በዘራሁበት የመስታወት ሳሕን መሐል
አንድ ጠብታ አኖርና፣ ሌሊቱን መጠበቅ ይቀጥላል፦
ጀርሙ ሸሽቶ የተወው፣ ጥርት ያለ ባዶ ቀለበት፤
በማስመሪያ ነው ደስታዬ፣ በሚሊሜትር ሲሰፋበት።

ቅጠሉን ቦኩ ላይ ያሳየችኝ አዴ ዲንቂቱ ናት፤
ጎህ ሳይቀድ፣ ጥላዋ ሳያርፍበት፣ ቃል ሳትተነፍስ ቀጥፋ፣
«ስሙ ከአፍሽ የወጣ ለት፣ አንቺም ተይው፣ ኃይሉ ጠፋ።»
እኔም መዝገቤ ላይ በላቲን ጻፍኩት፤
ቅጠሉ ላቲን አይሰማም ብዬ ይሆናል
ራሴን ያታለልኩት።

አይጦቹን ባለፈው በጋ አልፈናቸዋል።
መዳፋቸውን በመርፌ አሳብጠን፣
ለግማሾቹ ቅባቱን፣ ለግማሾቹ ውሃ ሰጥተን።
ውሃ የደረሰው ነጩ አይጥ፣ እግሩን ታቅፎ ሲያድር፣
እኔ እብጠቱን በክር ለክቼ፣ በሰንጠረዥ ስደረድር፣
ያ ትንፋሹ ትዝ ይለኛል።

«አሳርፈው» አልኩት ቱፋን። ሳቀ። «እኔ ሳርፍ ማን ይበላል?
ዋናውን መንገድ ባጃጅ ወሰደው፣ ኮረኮንቹ ለእኛ ተርፏል።»
ከጠፍሩ ሥር ያረጀ ብርድ ልብስ ቆርጦ አጠፈለት፤
ለጋሪ ፈረስ የዓመት ፈቃድ፣ ከዚህ በላይ ማን ጻፈለት?

«እንግዲያው» አልኩ፣ «የግራውን በቅባቱ፣
የቀኙን በጨው ውሃ ብቻ፤ እንዲታይ ልዩነቱ።»
የዳማን ጋማ በጣቱ ጠቀለለና ፈታ።
«የቀኙ ምን በደለ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአፍታ ቆይታ።

መልስ ነበረኝ፤ ማኅተም ያለው፣ የጸደቀ ወረቀት።
ግራ ቀኙን ሳያዩ ፍርድ የለም፤ ያለ ማነጻጸሪያ እውነት።
ይህን ለፈረስ ማስረዳት፣
ለባለ ፈረሱም፣ ከበደኝ።

በሦስተኛው ቀን ግራው ረገበ፤ ትኩሳቱ ከመዳፌ ሸሸ።
በአምስተኛው ጠርዙ ቀላ፤ ቅርፊቱ ተንኮሻኮሸ።
ያው ማስመሪያ፣ ያው ሚሊሜትር፤ ሁለት ዓይነት ነው ክቡ፤
ሳሕን ላይ ሲሰፋ ነው ደስታው፣ ገላ ላይ ሲጠብ ነው ጥበቡ።
ቀኙ ግን ዝንቡን አላጣም።
ወደዚያ ስዞር ዳማ አያየኝም፤
ወይ እኔ ነኝ የማላየው።

በዘጠነኛው ጧት፣ ከቀኙ ትከሻ ላይ
አንድ አረንጓዴ ነገር፣ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ባይ፣
አሸተትኩት። ቅትቅታ።
«ነፋስ ነው» አለኝ ቱፋ፣ «የአዳማ ነፋስ ምን አይጥል?»
ጥርሱ ግን አረንጓዴ ነበር፤ ሲያኝክ ያደረ ቅጠል።
«ስሙን ማን ነገረህ?»
«ስሙንማ እስካሁንም ማን ነገረኝ?
ብልቃጥሽ ሲከፈት ሸተተኝ፤ ቦኩ ድረስ ዳማ መራኝ።»

ሰንጠረዡ ፈረሰ። ስምንት ቀን የለካሁት ቀኝ
ከእንግዲህ ምንም አይነግረኝ።
«ቀን ዘጠኝ። ቀኝ ትከሻ። ከውጥኑ ውጭ ታከመ»
ብዬ ጻፍኩ። «በማን?» የሚለው ሣጥን ላይ እጄ ቆመ።
ባዶውን ተውኩት።
የጨው ውሃውን ደጅ ወጥቼ ደፋሁት፤
አቧራው ወዲያው ጠጣው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሁለቱም እኩል ጠበቡ፤
የእኔው በአልኮል የከረመ፣ የእሱ በምራቅ የታኘከ።
«ከአንድ ፈረስ ምንም አይደመደምም» አለ አለቃዬ።
ልክ ነው። አይደመደምም።
አንዲት ዝንብ ግን መጣች፤ ግራ ቀኙን አይታ፣
ወደ ሥጋ ቤቱ በረረች፣ ማረፊያ ቦታ አጥታ።